ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ወለል

የክሊኒኩ ሚዛን መቶ ሃያ ላይ ያበቃል። እኔ ስወጣበት ቀስቷ ጥጓ ላይ ደርሳ ቀጥ አለች። ነርሷ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቀስቷን እያየች «ከዚህ በላይ የለንም» አለችኝ፣ በልኬ ጫማ የጠየቅኳት ይመስል። የአዲስ አበባው ዶክተር ደግሞ «ከቀጠሮሽ በፊት ትክክለኛውን ኪሎ በስልክ አሳውቂኝ» ብሎኝ ነበርና ግራ ገባኝ። መቼም ጅግጅጋ ውስጥ እኔን የሚችል ሚዛን ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእህልና የስኳር መጋዘን።

ሄድኩ። ተሸካሚዎቹ ከረጢት የሚመዝኑበት ትልቅ የብረት ሚዛን ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆምኩ። ሥራቸውን አቁመው ከበቡኝ። ሽማግሌው ተሸካሚ ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አየና «መቶ አርባ ስምንት! ሦስት ከረጢት ስኳር ለመሆን ሁለት ኪሎ ጎደላት!» ብሎ ጮኸ። መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ። ያኔ ልማዴ ነበር። ሰው ሊስቅብኝ እንደሆነ ካወቅኩ ቀድሜ እስቃለሁ፤ ቀድመው ከሳቁብኝም ድምፄን ከፍ አድርጌ እበልጣቸዋለሁ። ቤቴ ስገባ ብቻ ዝም እላለሁ።

ጽጌ እባላለሁ። ያን ጊዜ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከቡልጋ ወታደር ሆኖ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ተወልጄ ያደግሁት ጅግጅጋ ነው፣ የሱማሌ ሴቶች የሚለብሱትን ድራና ጉንቲኖ፣ ሻሽና ጋራቢ የምሸጥበት ሱቅም እዚያው ነው ያለኝ። ጽጌ ብለው የሚጠሩኝ ግን ባሌና እናቴ ብቻ ናቸው። ለቀረው ከተማ ቡራን ነኝ። በሱማሌኛ ወፍራም ማለት ነው። እዚህ አገር ሰው በሚታይበት ነገር ይጠራል፤ ረጅሙ ረጅም፣ አንድ ዓይናው አንድ ዓይና ይባላል፣ ማንም አይቀየምም። እንዲያውም ሴት ደንበኞቼ ክንዴን ጨበጥ አድርገው «ማሻአላህ!» ይሉኛል። ውፍረት ምቾት ነው፣ ውፍረት ባል የሚወዳት ሴት ምልክት ነው። እውነቱን የሚያውቁት ጉልበቶቼ፣ ስኳሬና እስትንፋሴ ነበሩ። ከሱቅ ቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ እሱን ለመሄድ ሦስት ቦታ እቀመጥ ነበር። በኋላ በኋላማ ቀትር ላይ ሱቅ ሲዘጋ ቤቴ መሄዱን ተውኩት። በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ፣ ምሳዬን እዚያው በልቼ፣ ከተማው ከእንቅልፉ እስኪነሳ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።

ዓይኔ መደብዘዝ ሲጀምር ነው አዲስ አበባ የሄድኩት። ዶክተሩ ጎልማሳ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ስኳሬን አየ፣ ጉልበቴን አየ፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ጨጓራ ሳለልኝ። «ከዚህ እስከዚህ ቆርጠን እናወጣዋለን» አለኝ፣ የሳለውን በእስክሪብቶው ለሁለት እየከፈለ። «የሚቀረው የሙዝ ያህል ነው።»

«አደጋ የለውም?»

«አለው» አለኝ። «እንዲህ ሆነሽ መቆየትም አደጋ አለው። የትኛውን እንደምትመርጪ ከቤተሰብሽ ጋር ተማከሪ።»

ምክሩ ነው ያስቸገረኝ። ባለቤቴ ግርማ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ጨጓራን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲስል ኖሯል። የሚስቱ ጨጓራ ሲሆን ግን ትምህርቱ ሁሉ ጠፋበት። «እኔ መች ወፈርሽ አልኩሽ?» አለኝ። ብሎኝም አያውቅም፣ እውነቱን ነው። «አንድ ነገር ብትሆኚ ለእናትሽ ምን እላለሁ?» ብሎ ደግሞ ጭንቅላቱን ያዘ።

እናቴ ግን የባሰች ሆነች። አባቴን ያጣነው እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ለቡአ ቀላል ኦፕራሲዮን ነው ተብሎ፣ በእግሩ ሄዶ መኪና ላይ ወጥቶ፣ «ለእሁድ እመጣለሁ» ብሎን ራቅ ያለ ከተማ ሆስፒታል ገባ። ማደንዘዣውን ወስዶ ተኛ፤ አልነቃም። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ እቤት ትጠብቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት «ማደንዘዣ» የሚባል ቃል አይነሳም፤ ጥርስ እንኳ ሳንደነዝዝ ነው የምናስነቅለው።

«ተኝቶ ነው የቀረው» አለችኝ እናቴ ነገሩን ስነግራት። ድምፅዋን አልጨመረችም፣ ብትጨምር ይሻለኝ ነበር። «ደህና ሰው፣ ምንም ያላመመው ሰው፣ ተኝቶ ቀረ። አንቺ ደግሞ ደህናውን ጨጓራሽን ልታስቆርጪ? ጹሚ! ጾምሽን በወጉ ብትጾሚ ይኼ ሁሉ መቼ ይመጣ ነበር? በሞቴ ጽጌ፣ ያጠባሁሽን ጡት ካከበርሽ ይቅርብሽ።»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ነገር ግን ቀጠሮውን አልሰረዝኩም። ሁለቱንም ይዤ ሰነበትኩ፣ እምቢም እሺም ሳልል።

ዶክተሩ የሰጠኝ ወረቀት ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ ይላል፤ ጉበት እንዲቀንስና መሣሪያው ማለፊያ እንዲያገኝ ነው። ቀጭን ሾርባ፣ ስኳር የሌለው ሻይ፣ «ቅባት የሌለው ወተት በቀን ሁለት ብርጭቆ።» እዚህ ላይ ነው የጅግጅጋ ሰው መሆኔ ያሳተኝ። እኛ ዘንድ ቅባት የሌለው ወተት ማለት የግመል ወተት ነው! ቅቤ አይወጣውማ። የላም ወተት ይናጣል፤ የግመሉን ግን ቅቤ አገኝ ብሎ የሚንጠው የለም። በዚያ ላይ ሆድ ያጥባል ይባላል። ግርማን ጠየቅኩት። መነጽሩን አውልቆ አሰበና «ትክክል ነው፣ ቅቤ ከሌለው ቅባት የለውም» አለ። ባዮሎጂ መምህር!

ወተቱን የማገኘው ከሆዳን ነው። ሆዳን ከሀርሺን በኩል የምትመጣ ወተት ሻጭ ነች፤ በየማለዳው ቢጫ ጀሪካኖቿን በመኪና ጭና ትመጣና ከሱቄ በረንዳ ላይ ትዘረጋለች። ላሞቿን ድርቁ ጨርሶባት ግመሎቿ ብቻ ነበሩ የቀሩላት። ቀትር ላይ ባዶ ጀሪካኖቿን እኔ ዘንድ ታስቀምጥና ሰግዳ፣ ዘመዶቿ ቤት አረፍ ብላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይዛቸው ትመለሳለች። አማርኛዋ ፈጣን ነው፣ ሴትንና ወንድን ግን አይለይም፤ ለሆዳን ሁላችንም «አንተ» ነን። «ዶክተሩ ወተት አዘዘልኝ» ስላት ደስታዋን አትጠይቁኝ። ሁለቱ ብርጭቆ መጀመሪያ አራት ሆነ፣ ከዚያ ጀሪካን ሆነ። ያው ፈሳሽ አይደል? መሀል መሀሉ ላይ ደግሞ የሻይ ቤቱ ሻህ ይመጣል፣ ወተቱ የበዛ የሱማሌ ሻይ። ሻይ አፍዪውን ስኳር አታድርግበት እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ጀበናው ውስጥ አስቀድሞ ስኳር ጨምሮ ነው የሚያፈላው። ያንን አውቃለሁ። አውቄ ነው የምጠጣው።

በቀጠሮዬ ቀን ዶክተሩ ሚዛን ላይ አቆመኝ። መቶ ሃምሳ አንድ።

በአልትራሳውንድ ጉበቴን አየ፣ ስኳሬን ለካ፣ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና በሁለት ሳምንት ውስጥ የበላሁትን አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ስነግረው አልሳቀም። «ወይዘሮ ጽጌ፣ የግመል ወተት ቅቤ ባይወጣውም ስቡ ውስጡ ነው ያለው» አለኝ። «ዛሬ አልነካሽም። ከወር በኋላ፣ ከተዘጋጀሽ ደውይልኝ። ካልተዘጋጀሽ አትደውይ።»

የተሰማኝን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ከፈተና የቀረ ተማሪ የሚሰማው ዓይነት ደስታ ነው። ቤት ስደርስ እናቴ «እግዜር ራሱ እምቢ አለልኝ» ብላ መሬት ሳመች። ግርማም ትከሻው ወረደ። ሆዳን ብቻ ወተቱን ስተው ከንፈሯን ጣለች። እኔም ነገር ዓለሙን ትቼ ወደ ባንኮኒዬ ተመለስኩ። የዶክተሩን ወረቀት ጨርቅ የምለካበት ሜትር ያለበት መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። አልደውልም ብዬ ነበር። በልቤ ጉዳዩ አብቅቶ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ያ ቀን የመጣው።

ማክሰኞ ነበር። ሙቀቱ ከባድ ነው። ጎረቤቶቼ ሱቃቸውን ዘግተው ሄዱ፣ የቀትሩ አዛን ተሰማ፣ ከዚያ መንገዱ ጭር አለ። ቀትር ላይ ጅግጅጋን የማያውቅ ሰው እንዴት ጭር እንደሚል አይገባውም፤ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይተኛል። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ። ምሳዬን በላሁ። ከሰዓት የምትመጣ ሙሽራ ነበረችኝ፣ ሐምራዊ ድራ ጠይቃኛለች፣ እሱ ደግሞ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። የፕላስቲክ ወንበር ስቤ ወጣሁበት። ለምን ወጣሁ? እስከዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ጣቴ ጨርቁን ሲነካ የወንበሩ እግር ሲሰነጠቅ ሰማሁ።

የወደቅሁት በቀኝ ጉልበቴ ላይ ነው። ከዚያ በጀርባዬ ተንጋለልኩ፣ ከባንኮኒውና ከመደርደሪያው መሀል፣ ሰው በጎኑ ካላለፈ በማይገባበት ጠባብ ቦታ። ሐምራዊው ጣቃ ደረቴ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ብቻዬን እንኳ ሳለሁ ቀድሜ መሳቅ አልለቀቀኝም። ከዚያ ልነሳ ሞከርኩ።

መነሳት አልቻልኩም።

በክርኔ ተደገፍኩ፤ ክርኔ ከዳኝ። ወደ ጎን ልገለበጥ አልኩ፤ ባንኮኒው አላሳልፍ አለ። ጉልበቴ ደግሞ ሲንቀሳቀስ የሚያስጮህ ሕመም ነበረው። ትንሽ ልረፍ አልኩ። ሳርፍ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ በጀርባዬ ስተኛ ሆዴ ወደ ደረቴ እየመጣ ትንፋሼን ይጫነኛል። ቤት በሦስት ትራስ ተደግፌ ነው የምተኛው። እዚህ ትራስ የለም፣ ሲሚንቶ ነው። አየሩን በትንሽ በትንሹ እየቀነጨብኩ መሳብ ጀመርኩ።

ስልኬ ባንኮኒው ላይ ነበር፣ ከራሴ በላይ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ጮኸ። ግርማ ነው፤ ቀትር ላይ ሁልጊዜ «ምሳ በላሽ?» ሊለኝ ይደውላል። እጄን ዘረጋሁ። አልደረሰም። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ደግሞ ጮኸ። ባሌ ከራሴ በላይ እየጠራኝ፣ እኔ መመለስ አቅቶኝ፣ አራት ጊዜ። በአራተኛው እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ።

«ሰው!» ብዬ ጮኽኩ። «ኧረ ሰው!» የሚሰማኝ የለም። ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል።

ስንት ሰዓት እንደቆየሁ ያኔ አላውቅም ነበር። በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ጨረር ወለሉ ላይ ሲሄድ አያለሁ። አፌ ደረቀ። ስኳር ያለበት ሰው ውሃ ሲያጣ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ከዚያ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ መያዝ አቃተኝ፤ በራሴ ላይ ሸናሁ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ባለ ሱቅ ነኝ፣ የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ቡራን ነኝ፣ በራሴ ላይ ሸንቼ ወለል ላይ ተኝቻለሁ። አባቴ ታሰበኝ። እሱ ቢያንስ አልጋ ላይ ነው የተኛው፣ አጠገቡ ሐኪም ነበረ፣ ሊያድኑት እየሞከሩ ነው የሄደው። እኔ እዚህ ብሞት ምን ሆና ሞተች ይባላል? ከወንበር ወድቃ፣ መነሳት አቅቷት?

ማደንዘዣውን ፈርቼ ነበር የቀረሁት። ማንም ሳያደነዝዘኝ ተጋድሜ ቀረሁ።

በዚህ መሀል ከበረንዳው የእግር ኮቴ ሰማሁ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ።

«ቡራን! አንተ ተኝተሃል? ጀሪካኔን ስጠኝ፣ መኪና ሊሄድ ነው!»

«ሆዳን!» ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነ። «ወድቄያለሁ! መነሳት አልቻልኩም!»

ከዚያ በሱማሌኛ የጮኸችውን መንገዱ በሙሉ ሰማው። ወደ መጋዘኑ ስትሮጥ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ይሰማኛል። ብዙም ሳይቆይ ብረት በሩ ስንጥቅ ውስጥ ገባ፣ ቀርቀሪያው ተገነጠለ፣ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ። ባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ ያየችኝ ሆዳን ነች። አየችኝ፣ ወለሉን አየች፣ ገባት። ወደ ኋላ ዞራ በሩን የከፈቱላትን ወንዶች «ቁሙ! ማንም እንዳይገባ!» አለቻቸው። ከመደርደሪያዬ ላይ አዲስ ጉንቲኖ መዥርጣ ከወገቤ እስከ እግሬ አለበሰችኝ፣ ዳር ዳሩን በደንብ ጠቀጠቀችው፣ ውሃ አጠጣችኝ። ከዚያ ነው «አሁን ግቡ» ያለችው። ያንን ውለታዋን እስክሞት አልረሳውም።

የገቡት የስኳር መጋዘኑ አራት ተሸካሚዎች ናቸው። ሽማግሌውም አለ። ማንም አልሳቀም። ባንኮኒውን ገፉት፣ ብብቴን ያዙ፣ «አንድ፣ ሁለት» አሉና አነሱኝ። ትንሽ ከፍ አልኩ፤ ተንሸራተትኩባቸው፣ ተመልሼ ቁጭ። ደግመው ሞከሩ። ደግሜ ወደቅሁ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እንደ ከረጢት ለቅቄላቸው ነበር። እያለቀስኩ «ተዉኝ፣ እዚሁ ተዉኝ» እላለሁ።

ሆዳን ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች።

«ስማኝ» አለች። «በድርቅ ጊዜ ላም ይወድቃል። ጠዋት ጠዋት እኛ እናነሳዋለን። አንዱ ጅራት ይይዛል፣ አንዱ ቀንድ፣ አንዱ ሆድ። ላሙ በእግሩ ከገፋ ይድናል። ካልገፋ፣ አሥር ሰው ቢያነሳው ተመልሶ ይወድቃል። እኛ እሱን ትተን ወደ ሌላው እንሄዳለን። እኔ ብዙ ትቼ ሄጃለሁ።»

«ላም ነሽ እያልሽኝ ነው?»

«ላም ብትሆን ጥሩ ነበር፤ ላም አያለቅስም። ግፋ!»

ሳቄ መጣ። ይኼኛው ግን ሰውን ለመቅደም የምስቀው አልነበረም፣ ከሆዴ ነው የወጣው። ግራ እግሬን ሰበሰብኩ። ሲሚንቶው ላይ ተረከዜን ተከልኩ።

«ካዕ!» ብላ ጮኸች ሆዳን። በሱማሌኛ ተነስ ማለት ነው። ተሸካሚዎቹም ተቀበሏት፦ «ካዕ! ካዕ!»

ገፋሁ። ያለኝን ሁሉ ነው የገፋሁት። ጉልበቴ ሲጮህ ሰማሁት፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ግን ወለሉ ከሥሬ ሲርቅ ተሰማኝ። ቆምኩ። ሽማግሌውን አንገቱን ይዤ ቆምኩ። ቀና ስል በሩ ላይ እናቴ ቆማለች። ስልክ ባላነሳሁለት ጊዜ ግርማ ከትምህርት ቤት እሷ ዘንድ ደውሎ ነው ጥላዋን ይዛ የመጣችው። ስንት ጊዜ ሲያነሱኝ እንዳየች አላውቅም። ጥላዋ ከእጇ ወድቆ ነበር።

በኋላ ሳሰላው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው እዚያ የቆየሁት።

ማታ እራት አልበላሁም። ግርማን «ስልኬን ስጠኝ» አልኩት። ለማን እንደምደውል ገባው፤ «እኔ ልደውልልሽ?» አለኝ። «አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምደውለው።» ዶክተሩ ሲያነሳ «ተዘጋጅቻለሁ» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም። ግርማ እጄን ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለ፣ አልለቀቀኝም።

የቀረችው እናቴ ናት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሱቅ መጣች፤ ቀርቀሪያው ገና አልተጠገነም። ቁጭ አለችና «ያ ወረቀት የታለ?» አለችኝ።

«የትኛው ወረቀት?»

«ዶክተሩ የጻፈልሽ።»

ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠኋት። እናቴ ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጣቷን ከቃል ቃል እያስሄደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀስ ብላ አነበበችው። ሾርባ። ሻይ። ወተት የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዬን ከባንኮኒው አነሳችና አጥብቃ ሰረዘችው፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ።

«ከነገ ጀምሮ ሾርባሽን የማመጣው እኔ ነኝ» አለች። «ከእኔ እጅ ሌላ አንዲት ጠብታ ብትቀምሽ ወዮልሽ።»

«እማዬ፣ በሞቴ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ተኝተሽ እንዳትቀሪ ነበር የምፈራው» አለች። «ነቅተሽም ልትቀሪ እንደምትችዪ ያን ዕለት አየሁ። አባትሽን ሲወስዱት አልሄድኩም፤ እቤት ቁጭ ብዬ ነው መርዶ የጠበቅኩት። አሁን ግን እሄዳለሁ። በሩ ላይ ነው የምቀመጠው።»

ሁለቱን ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩ እኔና አንድዬ እናውቃለን። እናቴ በቀን ሦስቴ ሾርባ ይዛ ትመጣለች፣ ጠጥቼ እስክጨርስ አፌን ታያለች። ሻይ ቤቱ ሄዳ «ለልጄ ሻህ የሸጠ ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ» ብላ አስጠንቅቃለች። ሆዳን ወተቷን ይዛ በሱቄ በር ስታልፍ ፊቷን ወደዚያ ታዞራለች፣ እንዳታስጎመጀኝ። «አንተ እኔን አደኸየኸኝ» ትለኛለች በዚያው ፊቷን እንዳዞረች።

እናቴ አውሮፕላን አልወጣም ስላለች በመኪና ነው የሄድነው። ካራማራን ስንወጣ ወደ ኋላ ዞራ ከተማውን አየችና «አባትሽ ጅግጅጋን መጀመሪያ ያየው ከዚህ ላይ ነው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። እጄን ግን ሐረር እስክንደርስ አልለቀቀችም።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ሚዛኑ መቶ አርባ አንድ አለ። ዶክተሩ ወረቀቴን ተቀብሎ የተሰረዘውን ቦታ አየ። «ይኼን ማን ሰረዘው?» አለ። እናቴ «እኔ» አለች። ያኔ ነው ዶክተሩ ሲስቅ ያየሁት።

ጠዋት በተንቀሳቃሽ አልጋ ሲያስገቡኝ ፈራሁ። እናቴ እስከ በሩ ተከትላኝ መጣች፣ ግንባሬን ሳመችኝና በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በላይ መሄድ እንደማይቻል ሲነግሯት «አውቃለሁ፣ እኔ መቀመጫዬ እዚህ ነው» አለቻቸው። የማደንዘዣው ማስክ ሲመጣ የማስበው እሷን ነበር፤ ሁለተኛ ሰው እንዳትጠብቅ፣ ሁለተኛ መርዶ እንዳትሰማ።

ስነቃ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ሆዴ ላይ የሚጋረፍ ሕመም አለ። ዓይኔን ስገልጥ ነጭ ነገር አየሁ፤ የእናቴ ነጠላ ነው። ፊቷ በእንባ ርሷል። በጣቷ ዓይኔን ነካችው፣ መገለጡን ልታረጋግጥ። ደግማ ነካችው። «ነቃሽ» አለች በመጨረሻ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀችውን ቃል ነበር ያለችው።

ያልጠበቅኩት ነገር በዚያው ቀን ከሰዓት ተነስተሽ ተራመጂ መባሌ ነው። ነርሷ መጣችና «እስቲ እንቁም፣ ቀስ ብለን» አለችኝ። አልችልም አልኳት። ገና ተቆርጬ እንዴት ነው የምቆመው? እምቢ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ከጥጉ የእናቴ ድምፅ መጣ፣ ክፍሉን በሙሉ ያስደነገጠ፦

«ካዕ!»

ነርሷ ዞረች። «ምን አሉ እናቴ?»

«እሷ ታውቀዋለች» አለች እናቴ።

ግራ እግሬን አወረድኩ። ገፋሁ።

ይኸው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ነገሩ ቀላል ነበር ብላችሁ አታስቡ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከሦስት ማንኪያ በላይ ስበላ ይመልሰኝ ነበር። ፀጉሬ ረገፈ። ቆዳዬ እንደ ትርፍ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ጨርቅ ሻጭ ነኝና በልኩ ባሳጥረው ደስ ይለኝ ነበር። ምግብ የናፈቀኝን ያህል ሰው ናፍቆኝ አያውቅም። ደንበኞቼ ደግሞ መጀመሪያ ሲያዩኝ «ምን ሆነሽ ነው? ታመሻል?» እያሉ አዘኑልኝ፤ ጤነኛ መሆኔን ለማስረዳት ወራት ፈጀብኝ። ባለፈው ወር ወደ መጋዘኑ ሄጄ ያው ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሰማንያ ስምንት። ሽማግሌው ተሸካሚ ጎንበስ ብሎ አየና «ሁለት ከረጢት አትሞላም!» ብሎ ጮኸ። ስሜ ግን አልከሳም፤ ዛሬም ቡራን ነኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሂዱና ሆዳችሁን አስቆርጡ እያልኳችሁ አይደለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ወተት እንኳ የማውቀውን አይታችኋል። የእያንዳንዱ ሰው ደም፣ ዕድሜና ፍርሃት የየራሱ ነው። ፍርሃቴም ሆነ የእናቴ ፍርሃት ሞኝነት አልነበረም፤ አባቴ እውነት ተኝቶ ቀርቷል። የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔ ወራት ሙሉ ባሌ እንዲወስንልኝ፣ እናቴ እንድትፈቅድልኝ፣ እግዜር ምልክት እንዲሰጠኝ እየጠበቅኩ ነበር። ሁሉም ይወዱኝ ነበር፣ ሁሉም ብብቴን ይዘው ነበር። ያልገፋሁት እኔ ነኝ።

አሁን ቀትር ላይ ቤቴ በእግሬ እሄዳለሁ፣ የትም ሳልቀመጥ። ከመሄዴ በፊት ግን በየቀኑ የማደርጋት አንዲት ነገር አለችኝ፤ ሆዳን ብቻ ነች የምታውቃት። በሩን መለስ አድርጌ ከባንኮኒው ጀርባ እሄዳለሁ። እዚያው ቦታ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በጀርባዬ እጋደማለሁ። ትንፋሼን አዳምጣለሁ። ከበረንዳው ሆዳን ጀሪካኖቿን እየሰበሰበች «ቡራን! አንተ ተነሳህ?» ትለኛለች።

«ተነሳሁ» እላታለሁ፣ ቀሚሴን እያራገፍኩ።